መጥፎ ፊልምን በተረብ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልሙ መጥፎ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰዉም ገና ከጅምሩ በሳቅ ይፈርሳል። ስክሪኑ ጎን ማይክ የያዙ ሰዎች ቆመው፣ ተዋናዩ አፉን በከፈተ ቁጥር ተረብ ይለቁበታል። ስለዚህ ጨዋታ ስናወራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን ሰብስበናል። ዓመቶቹ የተጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ በትክክል ምንድን ነው?

ኮሜዲያን ፊልሙ እየሄደ ከላዩ ላይ ያወራሉ። ፊልሙ አይቆምም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል። ሰውየው በር ከፍቶ ለመግባት አንድ ደቂቃ ሲፈጅበት፣ አንዱ ቀልደኛ “ቁልፉን ከጎረቤት ሊለምን ነው” ይላል። ሰውየው ይገባል፤ ፊልሙ ይቀጥላል፤ ቀጣዩ ተረብ ይመጣል። አንዳንዴ በቲቪ ፕሮግራም ይቀርባል፣ አንዳንዴ በአዳራሽ ቀጥታ፣ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ ብቻ ለብቻው ይሸጣል።

ዩቲዩብ ላይ ፊልም እየቆራረጡ ከሚተቹት ይለያል። እዚያ የምትሰሙት አስተያየት ነው። እዚህ ግን ፊልሙን አብራችሁ ታዩታላችሁ፣ ጎናችሁ የተቀመጠው ጓደኛ ብቻ ከወትሮው የባሰ ቀልደኛ ነው።

ማን ጀመረው?

ፊልም እያዩ ማውራትን ማንም አልፈለሰፈውም። ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሕንድ ፊልም ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ትርጉም የለ፣ ጽሑፍ የለ፤ ከኋላው አግዳሚ አንዱ ልጅ ግን ሂንዲ የሚችል ይመስል ንግግሩን ሁሉ ከራሱ እየፈጠረ ይተረጉማል። ፊልሙን የምናስታውሰው በእሱ ነው።

የቲቪ ፕሮግራም ያደረገው ጆኤል ሆጅሰን የሚባል አሜሪካዊ ኮሜዲያን ነው። “ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000” የተሰኘው ዝግጅቱ በ1988 ዓ.ም. በምስጋና ቀን፣ በሚኒሶታ ግዛት ሚኒያፖሊስ አካባቢ በሚገኝ ኬቲኤምኤ በሚባል ትንሽ የአካባቢ ጣቢያ ላይ ጀመረ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ታስሯል፤ አሳሪዎቹ በግድ መጥፎ ፊልም ያሳዩታል፤ እሱም ብቸኝነቱ ሲበዛበት ሮቦቶች ሠርቶ አብሯቸው ያያል። በስክሪኑ ግርጌ የእሱና የሁለቱ ሮቦቶች ጥላ ከነወንበራቸው ይታያል። ተመልካቹ ልክ ከኋላቸው የተቀመጠ ይመስለዋል።

ሮቦቶቹ በጀቱን ያሳብቃሉ። ክሮው የሚባለው አፍ የተሠራው ከቦውሊንግ ፒን ነው፤ ዓይኖቹ የፒንግ ፖንግ ኳሶች ናቸው። የቶም ሰርቮ ጭንቅላት ደግሞ የከረሜላ ማሽን ነው። እንዲህ ከዕቃ ቤት ውድቅዳቂ የተሠራ ፕሮግራም በ1993 ለቲቪና ለሬዲዮ ሥራዎች የሚሰጠውን ትልቁን የፒቦዲ ሽልማት ወሰደ።

ሆጅሰን በዚያው በ1993 ሲለቅ ዋና ጸሐፊው ማይክ ኔልሰን ተካው። ፕሮግራሙ ጣቢያ እየቀየረ እስከ 1999 ዘለቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ካሴቱን እየገለበጣችሁ አዳርሱ የሚል ምክር ነበረበት። ጣቢያው የማይደርሳቸው ሰዎች ያዩት በዚህ መንገድ ነው። የሠርግና የድራማ ካሴት ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሻንጣ ሲመላለስ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ2015 ደግሞ ሆጅሰን ፕሮግራሙን ሊያስነሳ ከአድናቂዎች መዋጮ ሲጠይቅ ከ5.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበለት። ካሴት ይገለብጡ የነበሩት ልጆች አድገው ደመወዝተኛ ሆነዋል።

ሪፍትራክስ የሚባለውስ?

ማይክ ኔልሰን በ2006 የመሠረተው ነው። ሐሳቡ ብልጥ ነበር። ትልልቅ የሆሊውድ ፊልሞችን ለመተረብ ፈቃድ መግዛት አይቻልም፤ ዋጋው ሰማይ ነው። ስለዚህ የተረቡን ድምፅ ብቻ ቀድተው ሸጡ። ገዢው የራሱን ዲቪዲ ይከፍታል፣ ድምፁን ከፊልሙ ጋር ያስኬዳል፤ አለቀ። ኬቨን መርፊና ቢል ኮርቤት፣ የድሮዎቹ የሮቦት ድምፆች፣ አብረውት ይሠራሉ።

ቀጥታ ትዕይንቱን በ2009 ጀመሩት። ሦስቱ ናሽቪል ውስጥ መድረክ ላይ ቆሙ፤ ሥርጭቱ በሳተላይት በመቶዎች ለሚቆጠሩ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተላለፈ። አንዱ ከተማ ያለ ሰው ከሌላው ከተማ ሰው ጋር እኩል ሳቀ።

መጥፎ ፊልም ሁሉ ይሆናል?

አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሰልቺ ፊልም አለ፤ እሱን ማንም አያድነውም። ጥሩ ካሜራ፣ ደህና ተዋናይ፣ ደህና ድምፅ፣ ግን ምንም የማይል። ተረበኛው የሚይዘው ነገር ያጣል። ሆን ተብሎ መጥፎ የተደረገ ፊልም ደግሞ ከእሱም ይብሳል። ሻርክ ከሰማይ እየዘነበ “አያችሁ፣ እኛም እኮ እናውቃለን” እያለ የሚጠቅሳችሁ ዓይነት። ቀልዱን ቀድሞ ራሱ በልቶታል። በራሱ ላይ ሙድ በያዘ ሰው ላይ ሙድ መያዝ አይቻልም።

የሚሆነው ከልቡ የተሠራ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ትልቅ ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ ያመነበት፣ ገንዘቡ ግን ያለቀበት፣ ወይም ሙያው ያልነበረው፣ ወይም ሁለቱም። ኤድ ውድ በ1950ዎቹ የሠራውን “ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ” ውሰዱ። ዝነኛው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ ጥቂት ምስል ተቀርጾ ሳለ በ1956 ሞተ። ሌላ ዳይሬክተር ታሪኩን ይቀይር ነበር። ኤድ ውድ የሚስቱን ጀርባ የሚያክመውን ሰው፣ ወጌሻ ቢጤ ነው፣ አምጥቶ በምትኩ አቆመው። ሰውየው ሉጎሲን አይመስልም። ረዥም ነው። ስለዚህ ፊቱን በካባው ሸፍኖ እንዲዞር ተደረገ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ፊቱን ሸፍኖ ይዞራል። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ ቀልድ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ጠብቆ መናገር ብቻ ነው።

ሌላው ጥቅም ዝምታ ነው። መጥፎ ፊልም ክፍተት ያበዛል። ሰው ይራመዳል፣ መኪና ይነዳል፣ ስልክ ይጠብቃል። ተረብ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

በየትኛው ልጀምር?

እኔን ከጠየቃችሁ “ማኖስ፦ ዘ ሃንድስ ኦቭ ፌት”። የ1966 ፊልም ነው። የሠራው ሃሮልድ ዋረን የሚባል የቴክሳስ ኤል ፓሶ ሰው ሲሆን መደበኛ ሥራው ማዳበሪያ መሸጥ ነበር። ከአንድ የሆሊውድ የፊልም ጸሐፊ ጋር ተወራርዶ ነው የገባበት፤ አስፈሪ ፊልም መሥራት እኮ ቀላል ነው ብሎ። በጀቱ 19,000 ዶላር አካባቢ ነበር።

ካሜራው በእጅ የሚጠመዘዝ ዓይነት ነበር፤ አንዴ ተጠምዝዞ የሚቀርጸው 32 ሰከንድ ብቻ ነው። ድምፅም አይቀዳም። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተሞላ፤ ጥቂት ሰዎች ሆነው የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ድምፅ ተከፋፈሉት። የትንሿን ልጅ ድምፅ የሠራችው ትልቅ ሴት ናት፤ ይታወቃልም።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ነው። ይነዳሉ። አሁንም ይነዳሉ። እርሻ ይታያል፣ መንገድ ይታያል፣ እንደገና እርሻ። የተዋንያን ስም ሊጻፍበት የታሰበ ቦታ ነበር ይባላል፤ ሳይጻፍበት ቀረ። ቀጥሎ ቶርጎ የሚባል የቤት ጠባቂ ይመጣል፤ ጉልበቱ ሁለት ትራስ የታሰረበት ይመስል አብጧል፣ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ጌታው አይወደውም ብሎ በተንቀጠቀጠ ድምፅ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ያስገባቸዋል። የሌሊቱ ትዕይንት ላይ የእሳት እራቶች መብራቱን እያዩ ካሜራው ፊት ይርመሰመሳሉ። አንዱ ትዕይንት ሲጀምር ደግሞ የቀረጻ መለያ ሰሌዳው ራሱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል።

ለምርቃቱ ቀን ተዋንያኑን በክብር ለማድረስ ሊሞዚን ተከራዩ። አንድ ብቻ። አውርዶ ዞር ይልና ቀጣዮቹን ጭኖ እንደገና ይመጣል። ይሄን ሳውቅ ፊልሙን ወደድኩት።

በ1993 ጆኤልና ሮቦቶቹ እስኪያነሱት ድረስ ከኤል ፓሶ ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። ዛሬ በዓለም መጥፎ ፊልሞች ዝርዝር ላይ አይጠፋም።

ቀልዱ እዚያው የሚመጣ ነው ወይስ ተጽፎ?

ተጽፎ ነው፣ አብዛኛው። ሰው ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል። በኬቲኤምኤ ዘመን ከአፋቸው እንደመጣ ነበር የሚያወሩት፤ እነዚያን ክፍሎች ዛሬ ብታዩ ለረጅም ደቂቃ ዝም ብለው ፊልም ሲያዩ ታገኟቸዋላችሁ። ኋላ ላይ ጸሐፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ፊልሙን እያስቆሙ፣ እየመለሱ፣ በየሰከንዱ ምን እንደሚባል መጻፍ ጀመሩ። በአንድ ፊልም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ተረብ ይገባል። ተዋናዩ ተንፍሶ ቀጣዩን ቃል እስኪናገር ባለችው ሁለት ሰከንድ ውስጥ መግባት አለበት። ያንን በአራዳነት ብቻ አትችሉትም።

ሲኒማ ቤት ውስጥ ማውራት ነውር አይደለም?

ነው። ሰው ከፍሎ የገባበት መደበኛ ፊልም ላይ ብታወሩ እኔም ዞር ብዬ አያችኋለሁ። እዚህ ግን ሁሉም የመጣው ለዚያ ነው። ቲኬቱ ላይ ተጽፏል።

ታዳሚው ራሱ ተረበኛ የሚሆንበትም አለ። የቶሚ ዊዞ “ዘ ሩም” በ2003 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲወጣ፣ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል እየተባለ በሁለት ሳምንት ያስገባው 1,800 ዶላር ነበር። ከዚያ ወሬው ተዛመተና የእኩለ ሌሊት ማሳያ ሆነ። ፊልሙ ውስጥ በሚታይ ክፍል፣ ፍሬም ላይ የማንኪያ ፎቶ አለ፤ ለምን እንደሆነ ፊልሙ አይነግራችሁም። ተመልካቾች ፎቶው በታየ ቁጥር የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ ስክሪኑ ይወረውራሉ። ከማሳያው በኋላ ለሚጠርገው ሰው እግዜር ይድረስለት።

የሰው ልፋት ላይ መሳቅ ግፍ አይሆንም?

ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። እኔ መስመሩን የማሰምረው እንዲህ ነው፦ በሥራው ሳቁ፣ በሰውየው አትሳቁ። “ይሄ ጭራቅ የለበሰው ምንጣፍ ነው” ጥሩ ተረብ ነው። የተዋናይቷ ውፍረት ላይ መቀለድ ግን ስንፍና ነው፤ ከቆዩት ዝግጅቶች ውስጥም ዛሬ የሚጎረብጡት እነዚያ ናቸው።

ባለቤቶቹ ደግሞ ሁሌ አይከፋቸውም። “ሆብጎብሊንስ” የሚባለውን የ1988 ፊልም የሠራው ሪክ ስሎን ተረቡበት ብሎ ፊልሙን ለሚስትሪ ሳይንስ ሰዎች የላከው ራሱ ነው። ማኖስም ባይተረብ ኖሮ ኤል ፓሶ ውስጥ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀር ነበር።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ብቻ ነው?

ኧረ በፍጹም። ከመጥፎ ፊልም ጋር ባይያያዝም፣ በጃፓን ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ስክሪኑ ጎን ቆሞ የሚተርክ ቤንሺ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሰው ከተዋናዩ ይልቅ ቤንሺውን ብሎ ነበር ቲኬት የሚገዛው። የታላቁ ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድምም ቤንሺ ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳው ነው። በካምፓላ ቪዲዮ ቤቶች የውጭ ፊልም ሲታይ ቪጄ የሚባል ሰው ማይክ ይዞ በሉጋንዳ ቋንቋ ይተረጉማል፣ ይተርካል፣ ይቀልዳል፣ ሲያሻው ተዋናዩን ይሰድባል። ቪ እና ጄ “ቪዲዮ ጆከር” ማለት ነው። ጥሩ ቪጄ ያለበት ቤት ይሞላል፤ ፊልሙ ሁለተኛ ነው።

በዚያው ከተማ ዋካሊጋ በሚባል ድሃ ሰፈር አይዛክ ናብዋና ፊልም ይሠራል፤ ስቱዲዮውን ዓለም ዋካሊዉድ ይለዋል። በ2010 የወጣው “ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ?” በ200 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ገንዘብ የተሠራ የተኩስ ፊልም ነው። ሄሊኮፕተሮቹና ፍንዳታዎቹ ናብዋና ራሱ በገጣጠመው ኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ቀጣዩን ፊልም ለመሥራት ቦታ ሲጠበው የመጀመሪያውን ፋይል አጠፋው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ቪጄ ኤሚ በእንግሊዝኛ የሚያወራበት ቅጂ ብቻ ነው። ኤሚ ዝም አይልም። “ሙቪ! ሙቪ! ሙቪ!” እያለ ይጮሃል፣ የሚመጣውን ድብድብ ያስተዋውቃል፣ ካፕቴኑን ማን ገደለው ብሎ እናንተኑ መልሶ ይጠይቃችኋል።

ከአሜሪካኖቹ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። እነ ማይክ ፊልሙን ከውጭ ሆነው ይተርቡታል። ኤሚ የፊልሙ ቤተሰብ ነው፤ ሙድ እየያዘ ያሞግሳል። ሁለቱን አንድ ሌሊት ለማየት ከቻላችሁ በኤሚ ጨርሱ።

እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ነው። ይገባኛል?

እውነቱን ለመናገር፣ የሚስትሪ ሳይንስ ግማሹ ቀልድ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የአሜሪካ ማስታወቂያና የቲቪ ድራማ ካላወቃችሁ ያልፋችኋል። አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰውም ያመልጠዋል። አትጨነቁ፤ በሚያልፋችሁ ላይ አትቁሙ፣ ቀጣዩ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይመጣል። ማኖስን የምመክረው ለዚህም ነው። በዝግታ ስለሚሄድ የሚሳቅበት ነገር ለዓይን ግልጽ ነው። የኤሚ እንግሊዝኛ ደግሞ አጭርና ቀላል ነው።

ቤቴ ጓደኞቼን ጠርቼ ማድረግ እችላለሁ?

የእኛ ሰው ለዚህ የተፈጠረ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ ሲታይ ዳኛውን፣ አሰልጣኙንና የተቀየረውን ተጫዋች የሚተርበውን ሰው አስቡት። እሱን ጥሩት።

አስተናጋጁ ፊልሙን ቀድሞ ማየት አለበት፤ የት ጋር እንደሚሞትና የት ጋር እንደሚያነቃ ይወቅ። ከ90 ደቂቃ የሚበልጥ አትምረጡ። ጽሑፍ ካለው ክፈቱት፣ ምክንያቱም ሳቁ ንግግሩን ይውጠዋል። የሚያወሩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይሁኑ፤ አሥር ሰው ባንድ ጊዜ ካወራ ዕድር ነው የሚሆነው። ሌላው ይስቅ፣ አልፎ አልፎ ጣል ያድርግ። ተዋናዩ ሲናገር ዝም በሉ። እሱ የሚለው እኮ ብዙ ጊዜ እናንተ ከምትሉት ይበልጥ ያስቃል። “አክተሩ አይሞትም” የሚለውን የልጅነት ሕግ አንዱ ማንሳቱ አይቀርም፤ አንዴ ይበቃል።

ፈንዲሻው ከቡናው ጋር ይምጣ፤ ግን ጀበናውን ከሶፋው ራቅ አድርጉት። ሰው ሲስቅ ይወራጫል።

በአማርኛ ፊልም ላይስ?

ሳሎናችሁ ውስጥ ምን ችግር አለው? ሙዚቃው ንግግሩን የሸፈነበት፣ ሀብታሙ አባት ደረጃ ላይ ቆሞ “ልጄን ልቀቃት!” የሚልበት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለረጅም ጊዜ የሚለቀስበት ትዕይንት ለሁላችን የታወቀ ነው። መድረክ ላይ ከሆነ ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሕጉ ባያስገድድ እንኳ፣ የእኛ የፊልም ሰፈር ትንሽ ነው፤ ዳይሬክተሩ የአክስታችሁ ልጅ ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። የተሻለው እሱንም ማይክ ሰጥቶ መጥራት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ማየት ማንንም አያስጠይቅም። አዳራሽ ይዞ ለሕዝብ ማሳየት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቲኬት ሲሸጥበትማ ይብሳል። በኢትዮጵያ ይሄን የሚገዛው የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ይሄኛው ዓመት በእኛ ነው።

መውጫው የመብት ጥበቃ የሌላቸውን ፊልሞች መጠቀም ነው። የ1968ቱ “ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ” አሜሪካ ውስጥ የማንም አይደለም። ርዕሱ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር የመብት ማስታወቂያው አብሮ ተረሳ፤ በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማስታወቂያ ከሌለ መብት የለም። ማኖስም ያለ ማስታወቂያ ነው የወጣው። ግን እዚህም ጠንቀቅ በሉ፤ የሚስትሪ ሳይንስ ወይም የሪፍትራክስ ቅጂ ላይ ያለው ተረብ የእነሱ ንብረት ነው። ጥሬውን ፊልም ውሰዱና በራሳችሁ አፍ ተርቡት።

ልጆች አብረው ቢያዩስ?

የድሮዎቹ የጭራቅና የጠፈር ፊልሞች ለአሥር ዓመት ልጅ አይከብዱም፤ እንዲያውም ከትልቅ ሰው ቀድመው የጭራቁን ልብስ ዚፕ የሚያዩት እነሱ ናቸው። “ዘ ሩም” ግን ለአዋቂ ነው፤ እነሱ ከተኙ በኋላ።

ግማሽ ላይ ብንሰለችስ?

ዝጉት። ማንም ፈተና አያወጣም። የተረብ ፊልም ምርጫ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ይለያል፤ ሁለት ጊዜ ዝም ከተባለ ፊልሙ መጥፎ ሳይሆን አሰልቺ ነው ማለት ነው። ሌላ ቀይሩ፣ ወይም ቡናውን ጨርሱና ወሬ ያዙ።